«የሁለት ዓመት ተኩል ደመወዜን በአንድ ምሽት»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ማዶ ባለች አንዲት ከተማ፣ በሆስፒታል ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴንና የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ታናሽ ወንድሜን የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ዘፋኝ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። እርሱ ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ ለዓመታት ሲንከራተት ቆይቶ ከሦስት ዓመት ወዲህ ስሙ ተጠራ። ባለፈው ጥር በከተማችን በተዘጋጀ በዓል ላይ ለአንድ ምሽት 400 ሺህ ብር ተከፈለው። የነገረችኝ በዝግጅት ኮሚቴው ውስጥ የነበረች ጓደኛዬ ናት። በዚያው ሰሞን እኛ የሦስት ወር የተረኝነት ክፍያ አልተከፈለንም ነበር፤ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «በጀት የለም» የሚል ነው። ደመወዜ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 13 ሺህ ብር ገደማ ነው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እርሱ በአንድ ምሽት ያገኘውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተኩል ሳልበላ ሳልጠጣ ማጠራቀም አለብኝ።

ነገሩ የፈነዳው በፋሲካ ዕለት ነው። እኔ የሌሊት ተራዬን ጨርሼ በቀጥታ ወደ ቤት ገባሁ። እርሱ ሲመጣ ቤተ ዘመድ ሁሉ ብድግ አለለት። እናቴ ዶሮውን ስታወጣ፣ ድሮ ለአባቴ ይወጣ የነበረውን ፈረሰኛ ለርሱ አወጣችለት። ወንድሜ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «እታለም፣ አንቺስ ተምረሽ ምን አገኘሽ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ወደ አክስቴ ልጅ ዞሬ «እኛ ነፍስ እናድናለን፣ አንተ ታስጨፍራለህ፤ ገንዘቡ ግን ላንተ ነው። አያሳፍርህም?» አልኩት። ምንም ሳይመልስልኝ ጋቢውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

የሚያሳዝነኝ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የመጀመሪያ ልጁን ያዋለድኩለት እኔ ነኝ። ሚስቱ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። ልጁ ከተወለደ በኋላ ማህፀኗ አልኮማተር ብሎ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ እርሱም ደም ሰጥቷል። አሁን ልጁ አርባ ቀኑ ደርሶ ክርስትና ሊነሣ ነው፤ ሚስቱም «አንቺ ካልመጣሽ አይሆንም» ብላ ልካብኛለች። ወንድሜ ደብተሩን ጥሎ ስልኩን ይዞ ቪዲዮ ሲቀርጽ ይውላል። እኔም ሥራዬን ጠልቻለሁ። እውነት ይህ ፍትሐዊ ነው? ክርስትናውን ልሂድ ወይስ ልቅር? ወንድሜንስ ምን ልበለው? ሥራዬን ልተወው እንዴ?

አዋላጇ፣ ከሰሜን ሸዋ

———

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ ገንዘቡ ላይ ቆየ። ደግሜ ሳነበው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ያ ፈረሰኛ ነው። አባትሽ ካረፈ ወዲህ የዚያን ቤት ምሰሶ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ የወንድምሽ ዩኒፎርምም ካንቺ እጅ ነው የሚወጣው። ሌሊቱን ቆመሽ አድረሽ፣ እግርሽ አብጦ ገብተሽ የአባትሽ ድርሻ ለሌላ ሲወጣ አየሽ። እናትሽ አንቺን ለመናቅ ያደረጉት አይመስለኝም፤ እንግዳ ማክበር የለመዱ እናት ናቸው፣ አንቺ ደግሞ የቤት ልጅ ነሽ፤ የቤት ልጅ ድካም ከዓይን ይሰወራል። ቢሆንም ያማል። ያ ሕመም ከ400 ሺህ ብሩ የተለየ ስለሆነ ለየብቻ እንድናያቸው እፈልጋለሁ። አንዱ የክብር ነው፣ ሌላው የክፍያ። በዚያ ማዕድ ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ነው ከአፍሽ የወጡት።

ፍትሐዊ ነው ወይ ላልሽው በቀጥታ ልመልስልሽ። ክፍያ የሚሰፈረው በድካምና ለሰው በሚሰጥ ጥቅም ቢሆን ኖሮ፣ እየፈሰሰ ያለ የእናት ደም በእጇ የምታቆም ሴት ከማንም ዘፋኝ በታች አትከፈልም ነበር። ስለዚህ በዚህ ሚዛን ፍትሐዊ አይደለም፤ ነው ብዬም ላጽናናሽ አልሞክርም። ክፍያ የሚሰፈረው ግን በሌላ ሚዛን ነው፤ እርሱን ካላየን ቁጣችን የማይገባው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከእናንተው አካባቢ የወጣውን አበበ ቢቂላን አስቢው። ከመንዲዳ አቅራቢያ ከጃቶ መንደር የተገኘው የክቡር ዘበኛ ወታደር በ1952 ዓ.ም ጳጉሜን ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ወርቅ ሲያጠልቅ፣ በጊዜው የነበረው የኦሊምፒክ ሕግ ስፖርተኛ ከሩጫው ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቅድም ነበር። በ1957 ዓ.ም ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ሲደግመውም እንደዚያው ነበር። የቦስተን ማራቶን ለአሸናፊ የገንዘብ ሽልማት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ በ1986 ነው፤ ዛሬ እዚያ የሚያሸንፍ ሰው 150 ሺህ ዶላር ይወስዳል። ርቀቱ ያው ነው፤ የሯጩ እግርና ሳንባም ያው ነው። አበበ ከዛሬዎቹ ያነሰ ስለደከመ አይደለም የገንዘብ ሽልማት ያላገኘው። በመካከል የተለወጠው የተመልካቹ ብዛት፣ ቴሌቪዥኑና ጫማ ሻጩ ነው።

ሸርዊን ሮዘን የሚባል አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ይህንን ነገር ፈልፍሎ አሳይቷል። በቀላሉ ስናገረው እንዲህ ነው። ድሮ አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ሲገባ የሚሰሙት እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የአክስትሽ ልጅ አንዴ የቀረጸውን ዘፈን አሥር ሰው ሰማው ሚሊዮን ሰው ሰማው፣ የርሱ ድካም አይጨምርም። ከእያንዳንዱ ሰሚ ጥቂት ጥቂት ሲጠራቀም ተራራ ይሆናል። ያንቺ ሥራ እንዲህ ሊባዛ አይችልም። ሁለት እጅ አለሽ፤ በአንድ ጊዜ የአንዲት እናት ሆድ ላይ ብቻ ነው ልታሳርፊያቸው የምትችዪው። ያቺ እናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሃ ናት። የሥራሽ ታላቅነት ሁሉ ያለው በዚያች አንዲት እናት አጠገብ በመሆንሽ ነው፤ ገበያ ግን ራስ ይቆጥራል እንጂ ነፍስ አይመዝንም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው ወዶ ከከፈለው ማንን በደለ?» የሚል ሰው አለ። ሮበርት ኖዚክ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ በ1974 የጠየቀው ይህንኑ ነው። በዘመኑ የነበረውን የቅርጫት ኳስ ኮከብ ዊልት ቻምበርሌይንን ምሳሌ አድርጎ፣ አንድ ሚሊዮን ሰው እርሱን ለማየት 25 ሳንቲም፣ 25 ሳንቲም ቢጥልለት 250 ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ሁሉም ወዶ ከሰጠ በደሉ የት ላይ ነው አለ። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ሰው በልጁ ሠርግ ዘፋኝ ጠርቶ፣ ደስ ብሎት ግንባሩ ላይ ብር ቢለጥፍለት የራሱ ገንዘብ ነው። ዘፋኙ ካንቺ ኪስ የወሰደው ነገር የለም።

የከተማችሁ በዓል ግን ሌላ ነው፤ እውነተኛው ጥያቄሽ ያለውም እዚያ ላይ ይመስለኛል። ያ 400 ሺህ ብር ከማን ወጣ? ነጋዴዎችና ባንኮች ስፖንሰር ሆነው ያዋጡት ከሆነ እንደ ሠርጉ ነው። ከሕዝብ በጀት የወጣ ከሆነ ግን «በጀት የለም» ከተባልሽበት ሙዳይ ነው የወጣው። እዚያ ላይ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ የዜጋ ጥያቄ ነው፣ ቅናት አይደለም። አገራችን ይህንን ጥያቄ በእግር ኳስም አይታዋለች። በ2011 ዓ.ም ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲበጅለት፣ ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት ከትኬት ሽያጭ ይልቅ በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ገንዘብ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ሲሆን ሕዝብ «ከምን አስቀድማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ግን የሚላከው በጀቱን ለደለደለው ሰው ነው። አንቺ ለአክስትሽ ልጅ ላክሽው፤ እርሱ ግን የተጠራበት ቦታ ሄዶ ዘፈነ እንጂ በጀት አልያዘም።

ይህንን የምልሽ ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። «አንተ ታስጨፍራለህ፣ አያሳፍርህም?» ያልሽው ቃል አንቺ ከምታስቢው በላይ የቆየ ቁስል ይነካል። በእኛ አገር «አዝማሪ» ለብዙ ዘመን ስድብ ነበር። ሰው በአዝማሪው ዘፈን ይደሰታል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውም እንደዚያው ነበሩ። ማረሻውን ሠርቶ ለሚያበላን ሰው ክፍያችን ጥቂት እህል፣ ምርቃታችን ደግሞ «ቡዳ» ነበር። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? እውቀትና ክፍያ አለመገናኘታቸው በእኛ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። የአክስትሽ ልጅ አዲስ አበባ በተንከራተተባቸው ዓመታት ያንን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቶት ይሆን? ከሰው ሁሉ አፍ ሰምቶ ሲችለው ኖሮ፣ አብራው ካደገችው እህቱ አፍ በፋሲካ ማዕድ ላይ ሲሰማው ጋቢውን ይዞ መውጣቱ አይገርመኝም። አንቺን ለመውቀስ አይደለም። የሌሊት ተረኛ አፍ የድካም አፍ ነው። ግን የተጎዳው አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ እንድታዪ ብዬ ነው።

አንቺም ሳታስቢው በደብዳቤሽ መካከል አንድ ነገር ጥለሽ አልፈሻል፤ «እርሱም ደም ሰጥቷል» ብለሻል፣ በአንዲት አጭር ሐረግ። ያንን ሌሊት እስኪ መልሺው። አንቺ ውስጥ ሆነሽ መዳፍሽ ሆዷ ላይ ነው፤ ማህፀኗ እንዲኮማተር ታሺያለሽ፤ መርፌው ተወግቷል፣ ግሉኮሱ ተሰቅሏል፣ ዓይንሽ ከሥሯ የተነጠፈው ጨርቅ ላይ ነው፤ መቅላቱ ቀነሰ አልቀነሰ እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። እርሱ ኮሪደሩ ላይ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ፣ በሩን እያየ ተቀምጧል። ያን ሰዓት ከእናንተ ማን ይበልጥ እንደሚከፈለው ያሰበ ሰው ነበር? ያን ሌሊት እርሱ አንቺን እንዴት ያይሽ እንደነበር ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?

ስለ ወንድምሽ ልናገር። «ተምረሽ ምን አገኘሽ?» ማለቱ ልብሽን ሰብሮታል፤ ልጁ ግን ንቆሽ አይመስለኝም፤ ፈርቶ ነው። እርሱ የሚያየውን እዪለት። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። በዚያ ጠባብ በር ያለፈችው እህቱ ደግሞ በወር መጨረሻ ስትጨነቅ ያያታል። ስልኩ ላይ ያለው በር ለርሱ ሰፊ ይመስለዋል፤ የገቡትን እንጂ በር ላይ የቀሩትን አያይምና። ስለዚህ በቁጥር አትከራከሪው፤ በቁጥር ከሆነ ያሸንፍሻል። «ዘፋኝ ምን ሥራ አለው» ብለሽም አትጀምሪ። አንድ ማታ እናታችሁ ከተኙ በኋላ ቡና አፍልተሽ «ፈተናው ያስፈራሃል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከዚያ ዝም በይ። ምን እንደሚመልስ ከሰማሽ በኋላ ስለ ቪዲዮው ተስማሙ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የርሱ ይሁን፣ በሌላው ቀን ማታ ስልኩ አንቺ ዘንድ ይደር። የሚሠራውን አብረሽ እዪለት፤ ጥሩ የሆነውን ጥሩ ነው በይው። ተሰጥኦ ካለው 12ኛን ጨርሶም አይጠፋበትም።

ሥራዬን ልተወው ወይ ላልሽው እኔ ልወስንልሽ አልችልም፤ ከሌሊት ተራ በወጣሽበት ጠዋትም አንቺም አትወስኝው። ይልቅ ይህን ራስሽን ጠይቂ። የጠላሽው ማዋለዱን ነው ወይስ አዋልደሽ መረሳቱን? ደመወዝሽ በቂ ቢሆን ነገ ጠዋት ያንን ክፍል መግባት ያስጠላሻል? ማዋለዱ ራሱ ከታከተሽ፣ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለምና መልቀቅሽ አያሳፍርም፤ ትምህርት ልትቀጥዪ፣ ወደ ማስተማሩ ልትዞሪ ትችያለሽ። የታከተሽ መረሳቱ ከሆነ ግን ሥራውን ከመጣልሽ በፊት ገንዘብሽን ጠይቂ። ያልተከፈለሽን የተረኝነት ሌሊት ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት አስፍሪ፤ የሥራ ባልደረቦችሽም እንደዚያው ያድርጉ። በጋራ ፈርማችሁ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በደብዳቤ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ይስጥበት፣ ግልባጩ ደብረ ብርሃን ላለው የዞን ጤና መምሪያ ይድረስ። በ2017 ዓ.ም ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ሲያሰሙ አገር ሁሉ ሰምቷል፤ ያንቺ ጥያቄ ብቻሽን ይዘሽው የምትንገላቺበት የግል ችግር አይደለም። እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ ስጪው። እስከዚያ አዲስ አበባ ያሉ የግል ክሊኒኮች ምን እንደሚከፍሉ፣ የቤት ኪራዩ ከዚያ ላይ ምን እንደሚያስተርፍ ጠይቀሽ ጻፊው። መስከረም ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገሽ ስታያቸው የምትወስኝው ውሳኔ በእልህ አይሆንም።

እናትሽንም አትዝለያቸው። እንጀራ ሲጋግሩ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ «እማዬ፣ በፋሲካ ዕለት ከፋኝ» በያቸው። ስለ ገንዘብ አታንሺ፤ ስለ አባትሽ አንሺ። የሚገባቸው ይመስለኛል።

ወደ ክርስትናው ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን ለአክስትሽ ልጅ ደውዪለት፤ በመልእክት አይሁን፣ በሰው አፍም አይሁን። ረጅም ነገር መናገር የለብሽም። «የሰደብኩህ ልክ አልነበረም። የተናደድኩት ግን እውነት ነው፤ የሦስት ወር ሌሊቴን ስላልተከፈለኝ ነው» ብትዪው ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማለት ሌላውን መዋጥ የለብሽም። ስለዚያ ምሽት ክፍያም ከፈለግሽ ጠይቂው። ለባንዱ፣ ለድምፅ መሣሪያው፣ ለአገናኙ ስንቱ ተከፍሎ ለርሱ ስንት እንደቀረ፣ ከዚያ በፊት ስንት ዓመት በባዶ እንደዘፈነ ይነግርሽ ይሆናል። አንቺም አንድ ሌሊት ተረኛ ስትሆኝ ምን እንደምታዪ ንገሪው። የከተማው ሰው የሚሰማው ድምፅ ያለው እርሱ ነው። አንድ ቀን መድረክ ላይ ቆሞ የአዋላጆቹ ክፍያ ምን ሆነ ቢል፣ ካንተ ነው የሚያምረው በይው።

ስትሄጂም ወንድምሽን አስከትለሽ ሂጂ። ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ጥቂት ሲረጋጋ፣ የአክስትሽን ልጅ ከወንድምሽ አጠገብ አስቀምጪውና አንድ ነገር ለምኚው፤ ያን ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ፣ በሩ ተከፍቶ አንቺ ብቅ እስክትዪ ድረስ ምን ሲያስብ እንደነበር ለልጁ ይንገረው።